ከመቀነት ቋጠሮ እስከ ጨረታ አዳራሽ፦ የሴቶች ቦርሳና የሰብሳቢዎቹ ታሪክ



ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሴቶች መካከል «ጥሩ ቦርሳ ከወርቅ ይበልጣል» የሚል አባባል ይሰማል። ቁጠባን አውጥቶ ስመ ጥር ቦርሳ መግዛት ገንዘብን እንደ ማስቀመጥ ነው የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል ከመካከላችን ቆዳ ቆርጠውና ሰፍተው ቦርሳ በመሸጥ ልጆች የሚያሳድጉ እህቶች አሉ። አንዷ መግዛት አለብኝ ወይ ትላለች፤ ሌላዋ ምን ዓይነት ቦርሳ ብሠራ ይቆይልኛል ትላለች። ለሁለቱም ጥያቄ የቦርሳ ታሪክ የሚሰጠው መልስ ስላለ፣ በዚህ እትም እርሱን ልንገራችሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀሚስ ሥር

እናቶቻችን ገንዘብ የሚይዙት በመቀነታቸው ነበር። ከገበያ የተገኘችው ሳንቲም በመቀነት ጫፍ ትቋጠራለች፤ ቋጠሮውን የምትፈታው ባለቤቷ ብቻ ናት። የእንግሊዝ ሴቶችም ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ ብዙ ያልራቀ ልማድ ነበራቸው። የሴት ኪስ በቀሚሱ ላይ አይሰፋም ነበር። ለብቻው ከጨርቅ የተሠራ ከረጢት ሆኖ በጥብጣብ ወገብ ላይ ይታሰርና ከቀሚሱ ሥር ይንጠለጠላል። ሴቲቱ በቀሚሷ ጎን በተተወው ክፍተት እጇን አስገብታ የፈለገችውን ታወጣለች። ኪሳቸው የተሰረቀባቸው ሴቶች ውስጡ የነበረውን ለዳኛ ሲዘረዝሩ በለንደን የፍርድ ቤት መዛግብት ተጽፎ ቀርቷል፤ ገንዘብ፣ ቁልፍ፣ መቀስ፣ መሐረብ።

ይህ ኪስ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት በእጇ ያለው ገንዘብ የባሏ ነበር። ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ የራሷ እንዲሆን የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1870 ነው፤ ንብረቷን ሙሉ በሙሉ በስሟ እንድትይዝ ያስቻላት ደግሞ የ1882ቱ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሴት «የእኔ» የምትለው ቦታ ያ ከቀሚሷ ሥር የታሰረው ከረጢት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ኃላፊ ያደርግ እንደነበርና፣ ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሆነ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ለሴት ገንዘብ መያዣ መኖሩ ከማጌጥ በፊት የመብት ጉዳይ ነበር።

በ1790ዎቹ የሴቶች ልብስ ቀጠነ። ከሥር የታሰረው ኪስ ስለሚያብጥ አልተስማማውም። ስለዚህ ሴቶች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሠርተው በእጃቸው ያንጠለጥሉ ጀመር። ስሙ «ሬቲኩል» ነበር፤ ቀልደኞች ግን «ሪዲኩል» አሉት፣ መሳለቂያ ማለታቸው ነው። ከልብስ ሥር ተደብቆ የኖረው ነገር አደባባይ መውጣቱ አስቋቸው ነበር። የዛሬው የእጅ ቦርሳ ዘር ይህ የተሳቀበት ከረጢት ነው።

በአማርኛ የምንጠራበት ቃል ራሱ ታሪክ አለው። «ቦርሳ» ከጣሊያንኛ ወደ እኛ የገባ ቃል ነው፤ ሥሩ ደግሞ ጥንታዊ ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ ቆዳ ማለት ነው። ጣሊያኖች በዚያው ቃል የአክሲዮን ገበያንም ይጠሩበታል። ቆዳ፣ የገንዘብ መያዣ፣ የንግድ ገበያ፤ ሦስቱ በአንድ ቃል ተሰብስበዋል። የሰብሳቢዎች ታሪክም በእነዚህ በሦስቱ መካከል የሚመላለስ ነው።

ከኮርቻ ወደ ክንድ

ዛሬ በዓለም ስማቸው የገነነው የቦርሳ ቤቶች ብዙዎቹ ሲጀምሩ ለሴት ቦርሳ አይሠሩም ነበር። ኤርሜስ በ1837 ፓሪስ ውስጥ የፈረስ ዕቃ መሥሪያ ሆኖ ተከፈተ። ሉዊ ቪቶን በ1854 እዚያው ፓሪስ ውስጥ የመንገደኛ ሣጥን መሥራት ጀመረ። የሉዊ ቪቶን ልጅ በ1896 ሁለቱን ፊደላት ከአበባ ጋር አዋሕዶ በሣጥኖቹ ላይ ያተመው፣ ሥራቸውን አስመስለው የሚሠሩ ስለበዙ መለያ እንዲሆን ነው። የእጅ ሥራን ከአስመሳይ ለመጠበቅ የተፈለሰፈ ምልክት ከመቶ ዓመት በኋላ በዓለም እጅግ ከሚገለበጡት ምልክቶች አንዱ ሆኖ ማየት የሚገርም ነው።

ባቡርና መኪና ሲበዛ፣ ሴቶችም ብቻቸውን መጓዝና ከቤት ውጭ መሥራት ሲጀምሩ፣ እነዚህ ቤቶች ወደ እጅ ቦርሳ ዞሩ። የዚያን ዘመን ገዢ የምትፈልገው ግልጽ ነበር፤ ለቀን አንድ ጠንካራ ቦርሳ፣ ለማታ አንድ ትንሽ ቦርሳ፣ ከጫማና ከእጅ ጓንት ጋር የሚስማማ። የተገዛው ቦርሳ እስኪያልቅ ይያዛል፣ ሲቀደድ ይጠገናል፣ ለልጅ ይተላለፋል። ሰብሳቢ የምትባል ሴት ብትኖር እንኳ የምትሰበስበው የአያቶቿን ዶቃ የተጠለፈበት ከረጢት እንጂ አዲስ ዕቃ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጡት ቦርሳዎች ችግር የወለዳቸው ወይም የሴቶች ኑሮ የጠየቃቸው ነበሩ። ጣሊያን ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ዕቃ ሲጠፋ ጉቺ በ1947 ቀርከሃ በእሳት አጉብጦ እጀታ አደረገው። ጋብሪዬል ሻኔል በየካቲት 1955 ረጅም ሰንሰለት ያለው፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ አወጣች፤ ሁለቱም እጆች ነፃ ይሆናሉ። የቦርሳው ስም፣ 2.55፣ ይህንኑ ወርና ዓመት ያመለክታል። በ1956 የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ ኬሊ ነፍሰ ጡር ሳለች ሆዷን ከፎቶ አንሺዎች በኤርሜስ ቦርሳ ስትከልል ታየች። ቦርሳው ከ1930ዎቹ ጀምሮ የነበረ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በእርሷ ስም ጠራው፤ ቤቱም በ1977 ስሙን ኬሊ አለው።

እዚህ ላይ የገዢዎች ዓላማ መለወጥ ጀመረ። ሴቶች ወደ ሱቅ ገብተው «ጠንካራ ቦርሳ አለ ወይ» ማለታቸው ቀርቶ «የግሬስ ኬሊን ቦርሳ አለ ወይ» ማለት ጀመሩ። ቆዳው ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ስም ሆነ።

የየወቅቱ ቦርሳ

በ1980ዎቹ ቦርሳ የሥልጣን ምልክትም ሆነ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ከእጃቸው የማይለዩትን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ሚኒስትሮቻቸው ይጠነቀቁ ነበር ይባላል፤ ሰውን በቃል መውቃትን «ቦርሳ» ከሚለው ቃል የወጣ ግስ እስኪጠራው ድረስ ደረሰ። ከቦርሳዎቻቸው አንዱ በ2011 ለበጎ አድራጎት በጨረታ ቀርቦ በ25,000 ፓውንድ ተሽጧል።

በ1990ዎቹ ደግሞ ነገሩ ፈጠነ። በ1995 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ባለቤት ለእንግሊዟ ልዕልት ዲያና የሰጧት የዲዮር ቦርሳ በማግስቱ የዓለም ወሬ ሆነ። በ1997 የፌንዲዋ ሲልቪያ ቬንቱሪኒ ፌንዲ ትንሽ፣ ብብት ሥር የምትያዝ ቦርሳ አወጣችና ስሟን «ባጌት» አለቻት፤ ፈረንሳዮች ረጅሙን ዳቦ በብብታቸው ይዘው እንደሚሄዱት ማለት ነው። አንድ ቅርጽ በብዙ ቀለምና በብዙ ጥልፍ ወጣ። የአንዱ ወቅት ሲያልቅ የሌላው ይመጣል፤ የባለፈው ዓመት ቦርሳ መያዝ ያሳፍር ጀመር።

የዚህ ዘመን ሰብሳቢ የምትሮጠው ቁጥር ለማብዛት ነበር። በየወቅቱ አንድ፣ በየቀለሙ አንድ። ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች በዚህ በር ነው የሚገቡት፤ መጀመሪያ ዓይን ይገዛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ቁም ሣጥኑ ሞልቶ የምትይዛቸው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ መሆናቸውን ታያለች። ያኔ መሸጥ፣ መስጠት ወይም መቀየር ይጀመራል። ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ በብዙ አገር ምልክቱ ከሩቅ የሚጮኸውን ቦርሳ መያዝ ደስ የማይላቸው በዙ፤ ምልክት የሌለው፣ ቆዳው ብቻ የሚናገር ቦርሳ ተፈለገ። ደግሞ ጊዜ ይዞራል። ባጌት ከፋሽን ወጥታ ቆይታ በ2019 እንደገና ወጣች፤ እናቶች በቁም ሣጥን የረሷትን ልጆች አወጧት። ጣዕም ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከክንድ ወደ ጨረታ

ጄን ቢርኪን እንግሊዛዊት ተዋናይትና ዘፋኝ ስትሆን የኖረችው ፈረንሳይ ነው። ዕቃዋን የምትይዘው በሰሌን ቅርጫት ነበር። አንድ ቀን በአውሮፕላን ውስጥ ቅርጫቷ ሲደፋባት አጠገቧ የነበሩት የኤርሜስ ኃላፊ ዣን ሉዊ ዱማ ነበሩ። ለእናት የሚሆን፣ የሕፃን ዕቃ የሚይዝ ሰፊ ቦርሳ የለም አለቻቸው፤ ተነጋግረው ንድፉን ነደፉ፤ በ1984 ቢርኪን የተባለው ቦርሳ ወጣ። መነሻው የእናት ችግር ነበር።

ዛሬ ይህ ቦርሳ የጨረታ ንጉሥ ነው። በ2017 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አልማዝ ያለበት የአዞ ቆዳ ቢርኪን ከ370,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። የሰብሳቢዋ ዓላማ እንደገና ተለወጠ፤ አሁን የምትገዛው ለመያዝ ሳይሆን አስቀምጦ ለመሸጥ ነው። ሁለተኛ ገዢ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ ጭረት የሌለው፣ ከነካርቶኑ፣ ከነደረሰኙ፣ ከነመሸፈኛ ጨርቁ። ስለዚህ ቦርሳው ከቁም ሣጥን አይወጣም። ዝናብ እንዳይነካው፣ ሙቀት እንዳያደርቀው፣ እርጥበት ሻጋታ እንዳያበቅልበት ይጠበቃል። ሴቲቱን ያገለግል የነበረ ዕቃ ሴቲቱ የምታገለግለው ሆነ።

ግን ከሁሉ በላይ ውድ ሆኖ የተሸጠው ቦርሳ የትኛው እንደሆነ ልብ በሉ። ሐምሌ 2025 ፓሪስ ውስጥ ለጨረታ የቀረበው ለጄን ቢርኪን የተሠራው የመጀመሪያው ቦርሳ ነው። እርሷ ቦርሳዋን አልቆጠበችም። እስኪያረጅ ይዛዋለች፣ ተለጣፊ ወረቀት ለጥፋበታለች፣ የጥፍር መቁረጫ አንጠልጥላበታለች። በ1994 ደግሞ ለኤድስ ሕሙማን መርጃ በጨረታ እንዲሸጥ ሰጠችው። ይህ የተጫረ፣ የተለጣፊ ምልክት ያልለቀቀው አሮጌ ጥቁር ቦርሳ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጣበት። በካርቶን ተጠብቀው የኖሩት ሁሉ አልደረሱበትም። ዋጋውን የሰጠው ኑሮው ነው።

በዚያው ጨረታ ለቆጣቢ ሴት የሚጠቅም ሌላ ትምህርት አለ። ጨረታው ሲዘጋ የተጠራው ዋጋ 7 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው 1.6 ሚሊዮን ገደማ ገዢው የከፈለው የጨረታ ቤቱ ክፍያ ነው። በትንሹም ገንዘብ እንዲሁ ነው። ያገለገለ ቦርሳ የሚሸጥ ሱቅ ድርሻውን ይወስዳል፣ እውነተኛ መሆኑን የሚመረምር ይከፈለዋል፣ ጭረት ከተገኘ ዋጋው ይወርዳል፣ ፋሽኑ ካለፈ ገዢ ይጠፋል። ዋጋቸው የሚጨምር ቦርሳዎች አሉ፤ ነገር ግን ከጥቂት ቤቶች የወጡ ጥቂት ዓይነቶች ናቸው፤ የሚያተርፉባቸውም ቀድሞውኑ ገንዘብ ያላቸው፣ ለመጠበቅ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ልጅ ታማ ሌሊት ሐኪም ቤት የምትሄድ እናት ቦርሳ ይዛ ካርድ ማውጫው መስኮት አትቀርብም። እቁብ ግን ሲደርስ ብር ሆኖ ይደርሳል፤ የማኅበራችን ብድርም እንዲሁ። «ከወርቅ ይበልጣል» የሚለው አባባል የሚረሳው ይህንን ነው፤ ወርቅ በየትኛውም ከተማ በዕለቱ ተመዝኖ ይሸጣል፣ ቦርሳ ግን የሚመዘነው በሰው ስሜት ነው።

ሁለት ሴቶች የሰበሰቡት

በመሰብሰብ የሚደሰቱትን ሴቶች መንቀፍ ዓላማዬ አይደለም። እንዲያውም የቦርሳን ታሪክ ያቆዩልን ሰብሳቢዎች ናቸው። ሆላንዳዊቷ ወይዘሮ ሄንድሪክየ ኢቮ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ሲዘዋወሩ ከ1820 ገደማ የሆነ፣ ከኤሊ ድንጋይ የተሠራና በዛጎል ያጌጠ ትንሽ ቦርሳ አገኙ። መጀመሪያ የሳባቸው ውበቱ ነው። ቆይተው ግን ማን ሠራው፣ ማን ያዘው፣ ውስጡ ምን ነበር ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የሚገዙት የሚያምረውን ብቻ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ የጎደለውን ሆነ። ከባለቤታቸው ጋር በ1996 በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፤ በ2007 ወደ አምስተርዳም መሀል ከተማ ተዛወረ። ስብስቡ ከ5,000 በላይ ደረሰ። ከሁሉ የሚያረጀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከፍየል ቆዳ የተሠራ፣ 18 ኪሶች ያሉት፣ አንዳንዱም በምስጢር የሚከፈት የወንድ ቦርሳ ነበር። ሙዚየሙ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ጎብኚ ሲያጣ ተዘጋ።

በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ሊትል ሮክ ከተማ ወይዘሮ አኒታ ዴቪስ በ2013 የከፈቱት የቦርሳ ሙዚየም ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። ስሙ በላቲን «መሆን» ማለት ነው። የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ቦርሳዎች በየአሥር ዓመቱ ከፍሎ ያስቀምጣል፤ ከቦርሳው ጎን ውስጡ የነበረው ይታያል። ከነዚያ ብዙዎቹ ውድ አይደሉም፤ ተራ ሴቶች ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለጸሎት የያዟቸው ናቸው። ሰብሳቢዋ የፈለጉት የቦርሳውን ዋጋ ሳይሆን የሴቲቱን ሕይወት ነው።

የእነዚህ የሁለቱ መንገድ የብዙ ሰብሳቢዎች መንገድ ነው። መጀመሪያ ውበት፣ ቀጥሎ ብዛት ወይም ስም፣ አንዳንዴ ትርፍ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ነገር ግን ታሪክ ያለው። የሚገርመው መጨረሻ ላይ የሚፈለገው መነሻው ላይ የነበረው መሆኑ ነው፤ ሴት በእጇ የያዘችው፣ የራሷን ነገር ያኖረችበት ከረጢት።

የእኛ ቆዳ

ይህ ለቆዳ ሠራተኞቻችን ምን ይላል? አገራችን በቆዳ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ስልቻው እህል ሲይዝ፣ አገልግሉ በቆዳ ተለብጦ የመንገደኛ ስንቅ ሲይዝ፣ ማኅደሩ የብራና መጽሐፍ ሲይዝ ኖሯል። ማኅደርን እዩት፤ ለአንድ መጽሐፍ ልክ ይሰፋል፣ በትከሻ ይንጠለጠላል፣ ከመጽሐፉ ጋር ትውልድ ይሻገራል። ከወሎ ባቲ የሚወጣው የፍየል ቆዳና የደጋው በግ ሌጦ በውጭ ቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ ከጥንት የታወቁ ናቸው፤ የበጉ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት ይፈለጋል።

ሰብሳቢዎች ከብዙ ዓመት በኋላ አገላብጠው የሚያዩት ምልክቱን ብቻ አይደለም። ስፌቱን፣ የጠርዙን አጨራረስ፣ ገበሩን፣ እጀታው የተያያዘበትን ቦታ ያያሉ። ኤርሜስ እስካሁን የሚኮራበት ስፌት ከፈረስ ኮርቻ የወረሰው ነው፤ ቀዳዳው በወስፌ ይበሳል፣ አንድ ሰም የተቀባ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ ይተላለፋል። አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል፤ የመኪና ስፌት ግን አንዱ ከተበጠሰ ይተረተራል። ይህንን ለመሥራት የፓሪስ ሱቅ አያስፈልግም፤ ወስፌ፣ ክር፣ ሰምና ትዕግሥት ይበቃል። የወቅቱን ቦርሳ አስመስሎ መሥራት ለአንድ ሰሞን ይሸጥ ይሆናል፤ ሰሞኑ ሲያልፍ ግን አብሮ ያልፋል፣ የሌላውንም መለያ መውሰድ ነው። በደንብ የተሰፋና የሚጠገን ቦርሳ ግን ደንበኛዋን መልሶ ያመጣል። ደጋፊዎቻችንም ለቆዳ ሥራ ክፍላችን ስታስቡ ከአዲስ ንድፍ ይልቅ ጥሩ መሣሪያና ሙያውን የሚያስተምር ሰው ቢቀድም ከዚህ ታሪክ ጋር ይስማማል።

ለመግዛት ላሰባችሁም ቃሌ አጭር ነው። ወደዳችሁትና አቅማችሁ ከፈቀደ ግዙ፣ ያዙት፣ አስረጁት። ቁጠባ ነው ብላችሁ ግን አትግዙ። የቁጠባ ቦታው በስማችሁ የተከፈተው ደብተር፣ እቁባችሁና ማኅበራችሁ ነው። ከሴት አያቶቻችን መቀነት እስከ እንግሊዟ ሴት የተደበቀ ኪስ ድረስ ከረጢቱ የተከበረው ውስጡ ባለው ነበር። ሕግ ባልጠበቃቸው ዘመን በቋጠሮ የጠበቁትን ገንዘብ ዛሬ በስማችን ማስቀመጥ ተችሎናልና፣ ውስጡን ባዶ አድርገን ከረጢቱን አናክብር።

ቸር ይግጠመን።